የዘንዶ ታማኝነት፦ ከልብ ወለድ ዓለም እስከ ደቡብ አውስትራሊያ ሜዳ

ዘንዶ በእኛ አገር ክፉ ስም ያለው ፍጥረት ነው። በአክሱም አፈ ታሪክ ሕዝቡን ግብር እያስከፈለ ይገዛ ነበር የሚባለው አርዌም ሆነ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር ተወግቶ የምናየው ደራጎን የተፈጠሩት ለመሞት ይመስላል። እንግዲህ ዘንዶ አንድ ጓደኛ መርጦ እስከ ዕለተ ሞቱ የማይለየው፣ ጓደኛው ሲሞት አብሮት የሚጠፋ ፍጡር ነው ብንባል ሳንስቅ አንቀርም። ሆኖም ባለፉት ስድሳ ዓመታት ገደማ በዓለም የምናብ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ታማኝ ዘንዶ ከጨካኙ ባልተናነሰ ሁኔታ ተወዳጅ ሆኗል።

ለዚህ ትልቁን ድርሻ ካበረከቱት አንዷ አሜሪካ ተወልደው አየርላንድ የኖሩት ደራሲ አን ማክካፍሪ (1926–2011 እ.ኤ.አ.) ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው «ድራጎንፍላይት» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ፐርን በምትባል ፕላኔት ላይ የሚኖሩ ዘንዶዎች ከእንቁላል በወጡበት ቅጽበት ከፊታቸው ከቆሙት ወጣቶች መካከል አንዱን ይመርጣሉ። ከዚያች ደቂቃ አንስቶ የሁለቱ ሐሳብ አንድ ይሆናል፤ ሰውየው ቢሞት ዘንዶው ከዓለም ይሰወራል፤ ዘንዶው ቢሞት ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ እንደ ቆሰለ ይኖራል። ሁለት ዘንዶዎች ሲጣመሩ ደግሞ ጋላቢዎቻቸውም አብረው ይሳባሉ። ደራሲዋ በዚሁ ዓለም ላይ በጻፉት ሥራ የሁጎን ሽልማት በልብ ወለድ ዘርፍ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል።

የሳይንስ ተማሪ እንዲህ ያለውን ታሪክ አንብቦ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ሊያነሳ ይገባዋል፦ በእውኑ ተፈጥሮ ውስጥ ይህን የመሰለ ማሰሪያ አለን? ካለስ ከምን የተሠራ ነው?

በቅርፊት መውጫ ሰዓት

የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው በዝይ ጫጩቶች ዘንድ ነው። ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንዳሳዩት፣ የዝይ ጫጩት ከእንቁላል እንደወጣች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያየችውን ተንቀሳቃሽ ነገር እናቴ ብላ ትይዛለች። ያየችው ሎሬንዝን ከሆነ ሎሬንዝን ትከተላለች። ይህ ግንዛቤ «ኅትመት» ቢባል ያስኬዳል፤ በጫጩቷ አንጎል ላይ አንድ ምስል እንደ ማኅተም ያርፋልና። የተወሰነው ጊዜ ካለፈ በኋላ ማኅተሙን ማሳረፍ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ሎሬንዝ ለእንስሳት ጠባይ ጥናት ላበረከቱት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ከኒኮ ቲንበርገንና ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

የፐርን ዘንዶ ከዚህች ጫጩት ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ነገር ግን ጫጩቷ የያዘችው ወላጅን እንጂ የኑሮ ጓደኛን አይደለም፤ ስታድግ ትታው ትሄዳለች። ስለዚህ ፍለጋችንን ወደ ተሳቢ እንስሳት ማዞር ግድ ይላል።

ባል የማያሻት ዘንዶ

በዛሬው ምድር ላይ «ዘንዶ» የሚለውን ስም በይፋ ከተሸከሙት ሁሉ ትልቁ የኢንዶኔዥያው የኮሞዶ ዘንዶ ነው። በአዋሽና በሌሎችም ወንዞቻችን ዳር ለምናውቀው አርጃኖ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ርዝመቱ እስከ ሦስት ሜትር ይደርሳል። የፍቅር ታሪክ ፈልገን ወደ እርሱ ብንሄድ ግን የሚጠብቀን ተቃራኒው ነው። በእንግሊዝ አገር በቼስተር የእንስሳት ማቆያ ትኖር የነበረች ፍሎራ የተባለች ሴት ኮሞዶ ከወንድ ጋር ፈጽሞ ሳትገናኝ እንቁላል መጣሏና ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሕይወት ያላቸው መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2006 ተገለጠ። የዘረ መል ምርመራው የጽንሶቹ ሁሉ ምንጭ እናቲቱ ብቻ መሆኗን አረጋገጠ።

ነገሩ የሚብራራው በክሮሞዞም ነው። በሰው ዘንድ ሁለት ዓይነት የፆታ ክሮሞዞም ያለው ወንዱ ሲሆን፣ በኮሞዶ ግን ሁለት ዓይነቱን፣ ማለትም ዜድና ደብልዩ የሚባሉትን፣ የምትይዘው ሴቷ ናት። ያለ ወንድ በሚፈጠር እንቁላል ውስጥ ግማሹ የክሮሞዞም ስብስብ ራሱን ይደግማል። ስለዚህ ውጤቱ ወይ ዜድ-ዜድ ወይ ደብልዩ-ደብልዩ ይሆናል፤ ሁለተኛው አያድግም፣ የመጀመሪያው ወንድ ነው። እንግዲህ ብቻዋን ወደ አንዲት ደሴት የደረሰች ሴት ኮሞዶ ወንዶች ልጆች ወልዳ ከእነርሱ ዘር ልታስቀጥል ትችላለች ማለት ነው። ሳይንቲስቶቹም ይህንኑ ግምት ሰንዝረዋል። ለልብ ወለድ የማይመች፣ ለባዮሎጂ ግን ድንቅ የሆነ ታሪክ ነው።

መዥገር ፍለጋ የተገኘ ፍቅር

ታማኙን ዘንዶ ያገኘነው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው። በደቡብ አውስትራሊያ ከአዴሌይድ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኝ ደረቅ ሜዳ ላይ «እንቅልፋሙ እንሽላሊት» የሚባል ፍጡር ይኖራል። ሳይንሳዊ ስሙ ቲሊኳ ሩጎሳ ነው። ሠላሳ ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቅርፊቱ የደረቀ የጥድ ፍሬ ይመስላል፤ ጅራቱ አጭርና ስብ የተከማቸበት በመሆኑ ከሩቅ ሲታይ ሁለት ራስ ያለው ይመስላል። አበባና ቅጠል ይበላል፤ አካሄዱም ስሙን የሚያስመሰክር ነው። ክንፍም እሳትም የለውም።

የፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲው ማይክል በል እ.ኤ.አ. በ1982 ወደዚህ ሜዳ የሄዱት ለእንሽላሊቱ ሳይሆን በላዩ ለሚጣበቁት መዥገሮች ነበር። ሁለት የመዥገር ዝርያዎች በዚያ አካባቢ ድንበር ተለያይተው መኖራቸው ያስገርማቸው ነበርና። መዥገሩን ለመቁጠር እንሽላሊቱን መያዝ፣ ምልክት ማድረግና መልቀቅ ያስፈልጋል። ይህን ሲያደርጉ በየዓመቱ በጸደይ ወራት እንሽላሊቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንደሚገኙ፣ ከዚያም በላይ በመጪው ዓመት ያው ወንድ ከዚያችው ሴት ጋር እንደሚገኝ አስተዋሉ። ጥናቱ ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2016 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘልቋል። ከሃያ ዓመት በላይ አብረው የተመዘገቡ ጥንዶች አሉ።

የሚያስደንቀው ዓመቱን ሙሉ አብረው አለመሆናቸው ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት ወንዱ ሴቲቱን በኋላዋ እየተከተለ ይሄዳል፤ ከዚያም በየፊናቸው ይለያያሉ፤ የወራት ብቸኝነት ሲያበቃ ደግሞ ይፈላለጋሉ። እንዴት? በፐርን ቢሆን በሐሳብ ይጠራሩ ነበር። እዚህ ግን ጠሪው ሽታ ነው። እንሽላሊት ምላሱን እያወጣ ከመሬትና ከአየር የሚለቅመውን ኬሚካል በላንቃው ላይ ወዳለው የያዕቆብሰን አካል ያደርሳል፤ በሙከራም የጓደኛውን ሽታ ከባዕድ ሽታ መለየት መቻሉ ታይቷል።

ጥቅሙስ? ወንዱ አብሯት ሳለ አካባቢውን በንቃት ስለሚጠብቅ ሴቷ ተረጋግታ ትመገባለች። በጀርባቸው ላይ የተገጠሙ መቅረጫዎች እንዳሳዩት ደግሞ ለብዙ ዓመታት የተዋወቁ ጥንዶች ከአዲሶቹ ቀድመው ይጣመራሉ። በአጭር የጸደይ ወራት ለሚኖር ፍጡር መቅደም ትልቅ ነገር ነው። በልም አንደኛው በመኪና ተገጭቶ ሲሞት ሌላኛው ሬሳው አጠገብ ሲመላለስና በምላሱ ሲነካካው መታየቱን መዝግበዋል። ይህን «ሐዘን» ብሎ መጥራት ይቻል እንደሆነ የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎች አይስማሙም። እኔ በበኩሌ ቃሉን በጥርጣሬ ብይዘውም ሌላ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

ማሰሪያው ከምን ተሠራ?

የዚህ ዓይነቱ ትስስር ኬሚስትሪ በይበልጥ የተጠናው በሰሜን አሜሪካ የሣር ሜዳዎች በምትኖር አነስተኛ አይጥ ላይ ነው። የፕሬሪ ሜዳ አይጥ አንድ ጓደኛ ይይዛል፤ ጓደኛውን ካጣም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አይፈልግም። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሌላው የሜዳ አይጥ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አያውቅም። ተመራማሪዎች ሁለቱን ሲያወዳድሩ፣ በአንጎል ውስጥ ኦክሲቶሲንና ቫሶፕሬሲን ለሚባሉት ሆርሞኖች ተቀባይ የሆኑት ፕሮቲኖች የሚገኙበት ቦታ እንደሚለያይ ደረሱበት። ኦክሲቶሲን በወሊድና በጡት ማጥባት፣ ቫሶፕሬሲን ደግሞ ኩላሊት ውኃ እንዲቆጥብ በማድረግ ሥራቸው የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የቫሶፕሬሲን ተቀባይ ጂን በቫይረስ ተጭኖ ወደ «ልቅ» የሆነው ወንድ አይጥ አንጎል እንዲገባ ተደረገ። አይጡም ከማያውቃት ይልቅ አብራው ከቆየችው ጋር መቀመጥን መረጠ!

ጋዜጦች ወዲያው «የፍቅር ሆርሞን ተገኘ» ብለው ጻፉ። ተፈጥሮ ግን ለጋዜጣ ርእስ አትገዛም። እ.ኤ.አ. በ2023 የካሊፎርኒያ ሳን ፍራንሲስኮና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሪስፐር በተባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ የኦክሲቶሲን ተቀባይ የሌላቸውን የፕሬሪ አይጦች ፈጠሩ። አይጦቹ ግን እንደ ቀድሞው ጓደኛ ያዙ። ማሰሪያው አንድ ክር ሳይሆን የተገመደ ገመድ ኖሯል፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌሎቹ ይይዛሉ።

ታማኝነት ስንል

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብሮ መኖርና የልጆቹ አባት መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከአእዋፍ ዝርያዎች 90 በመቶ ያህሉ በጥንድ ይኖራሉ፤ ሆኖም የዲ ኤን ኤ ምርመራ ከመጣ በኋላ በብዙ ጎጆዎች ውስጥ የሌላ አባት ጫጩቶች ተገኝተዋል። እንቅልፋሙ እንሽላሊትም ከዚህ ነቀፋ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። በአጥቢዎች ዘንድ ጥንድነት ራሱ ብርቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 2500 የሚጠጉ ዝርያዎችን የመዘነ ጥናት 9 በመቶዎቹን ብቻ በጥንድ ኗሪነት መድቧል። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዷ እንሹ ናት። በናሚቢያ በአንድ የእንሹ ዝርያ ላይ የተደረገ የዘረ መል ምርመራ አንድም የውጭ አባት አላገኘም። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ቁጥቋጦ ውስጥ ሁለት ሆነው ብቅ የሚሉት የእኛዎቹ እንሹዎች የዚያችው የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

ገመዱ ሲበጠስ

በፐርን ትስስሩን የሚፈታው ሞት ብቻ ነው። በእኛ ዓለም ግን ሌሎች ምክንያቶች እየበዙ መጥተዋል። በፎክላንድ ደሴቶች በጥቁር ቅንድብ አልባትሮሶች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የብዙ ዓመታት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ጥንዶቹ የሚለያዩበት መጠን በአማካይ ከ4 በመቶ በታች ሲሆን የባሕሩ ውኃ በሞቀባቸው ዓመታት ወደ 8 በመቶ ተጠግቷል። በመራባቱ የተሳካላቸው ጥንዶች እንኳ ተለያይተዋል። የሞቀ ባሕር ምግብ ያሳጣል፤ ወፎቹም ርቀው ሄደው ዘግይተውና ደክመው ይመለሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1956 በሚድዌይ ደሴት የእግር ቀለበት የተደረገላት ዊዝደም የተባለች የሌይሳን አልባትሮስ ለረጅም ዘመን አብሯት የነበረው ወንድ ከ2021 ወዲህ አልታየም። እርሷ ግን በ74 ዓመቷ ገደማ፣ በ2024 ማብቂያ፣ ከአዲስ ጓደኛ እንቁላል ጥላለች፤ ጫጩቱም በተከታዩ ጥር ተፈለፈለ።

እንቅልፋሙ እንሽላሊት ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት። መልኩ ለየት ያለና ረጋ ያለ በመሆኑ የቤት እንስሳ አድርገው ለሚሸጡት ኮንትሮባንዲስቶች ይመቻል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዝርያው በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሦስተኛ ዝርዝር እንዲገባ አድርጋለች። አንዱ እንሽላሊት በሻንጣ ታሽጎ ሲወሰድ፣ ሌላው በመጪው መስከረም ወደተለመደው ቁጥቋጦ ይመጣና ምላሱን እያወጣ መሬቱን ይልሳል።