የገላ መወጣጫ ከምን ይሠራል?

በጅማ ከተማ አዲስ ሕንፃ በሚቆምበት ሥፍራ የባሕር ዛፍ አጣና በገመድና በምስማር ተያይዞ መወጣጫ ሲሆን አይታችኋል። ግንቡ ሲያልቅ አጣናው ይነሣል። በቃጠሎ ቆዳው ለጠፋ ወይም አጥንቱ ለጐደለ ሰውም ሐኪሞችና መሐንዲሶች ይህንኑ የመሰለ መደገፊያ ያዘጋጁለታል። ሕዋሳት በላዩ ተጣብቀው ይራባሉ፤ ገላው ሲሞላ መደገፊያው ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል። ታዲያ ከምን ይሠራ?

የጅማ፥ የአጋሮና የሊሙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው በየመፈልፈያው ጓሮ የሚከመረውን የቡና ገለባ ሳይሆን አይቀርም። በውስጡ ሴሉሎዝ የሚባል ቃጫ መሳይ ጠንካራ ነገር አለ፤ ዋጋውም ከምንም አይቈጠርም። ዳሩ ግን ላም ሣርን የምታዋሕደው በሆዷ ባሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ርዳታ ነው፤ የሰው ገላ ሴሉሎዝን የሚያፈርስበት የለውም። ከገለባ የተሠራ መወጣጫ ግንቡ ካለቀ በኋላም እንደ ቆመ ይቀራል ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በካናዳ የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፖም ሴሉሎዝ ከአይጥ ቆዳ ሥር አስገብተው የደም ሥር እንደ በቀለበት አሳይተዋል። እንዲቀር ለሚፈለግ ነገር ይበጅ ይሆናል፤ እንዲጠፋ ለሚፈለግ ግን አይመረጥም። ዋጋን ብቻ አይቶ ጨረታ ለሚዘጋ የግዥ ሹም ይህ ደስ የሚያሰኝ ዜና አይደለም።

የከብት ቆዳ ግን ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ኮላጅን በእኛም ቆዳ ውስጥ ስላለ፥ ገላችን ማፍረሱን ያውቅበታል። በ1981 በአሜሪካ ያናስና በርክ የተባሉ ሊቃውንት ከከብት ኮላጅንና ከሻርክ ከተወሰደ ንጥረ ነገር ለጽኑ ቃጠሎ የሚሆን ሰው ሠራሽ ቆዳ ማዘጋጀታቸውን ገለጡ፤ በ1996 የአገሩ መንግሥት ፈቀደው። ለአጥንት ግን ኮላጅን ብቻውን ልል ነው፤ የካልሲየም ማዕድን ይጨመርበታል፤ የደም ሥር እንዲገባበትም የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ቀዳዳ ያሻዋል።

ከበቈሎ ስኳር የሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድም ለቀዶ ሕክምና ከሚውለው ሟሚ ክር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ በ60 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል፤ ከጀበና የሚቀዳ ቡና እንኳ ቅርጹን ያጠፋዋል። በ121 ዲግሪ እንፋሎት ስለማይቀቀል በጋዝ ወይም በጨረር መጽዳት አለበት። ኮላጅንም ቢቀቀል እንደ ቅልጥም መረቅ ይረጋል።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ምሕንድስና የሚማር ወጣት ከአካባቢው ቄራ ቆዳ ወስዶ ሊሞክር ቢያስብ፥ ሥራው የሚጀምረው ከእንስሳት ሐኪም መዝገብ ነው። ከብቱ ጤነኛ እንደ ነበረ ሳይረጋገጥ፥ ሕዋሳቱም ከቆዳው ታጥበው ሳይወጡ፥ ወደ ሰው ገላ የሚገባ ነገር የለም።