«ሲወለድ አልነበረም»

«ሲወለድ እኮ ምንም አልነበረውም፤ በማግስቱ ነው ያበጠው» ይላሉ ከሮቢት የመጡት አያት፣ የሕፃኑን ቆብ እያወለቁ። ተለማማጁ ሐኪም ፊቱ ይጠቁራል፤ ሲወለድ ያልነበረ ነገር ኋላ ሰው ያደረሰው ነው ብሎ ደምድሟል። እኔን ግን የሚያረጋጋኝ ይኸው የአያት ቃል ነው። ምጥ ሲረዝም ወይም ልጁ በቫኩም ሲወለድ፣ በራስ ቅል አጥንትና በሽፋኑ መካከል የሚፈሰው ደም ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው፤ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ቀን አልፎ ነው ጎልቶ የሚታየው። የእብጠቱን ዳር በጣቴ ስከተለው አጥንት ከአጥንት የሚጋጠምበት መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ቢጫነት እንዳያመጣ ከመከታተል በቀር ምንም አያስፈልገውም፤ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ አይበጣ፣ አይተኮስ፣ በቅቤ አይታሽ። መስመሩን አልፎ ወደ ጆሮና ማጅራት ከዘለቀ፣ ሕፃኑም ከገረጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አምቡላንስ ይጠራ።

የሚከብደኝ የ1 ወሩ ሕፃን ነው። ደህና ሲጠባ ሰንብቶ በድንገት ያንቀጠቅጠዋል፣ እርግብግቢቱ ይወጠራል። «ማን ጣለው?» ከማለቴ በፊት የት እንደተወለደ እጠይቃለሁ። ቆላ ቀበሌ ውስጥ ቤት የተወለደ ልጅ፣ እንደተወለደ የሚሰጠው የቫይታሚን ኬ መርፌ ብዙውን ጊዜ ያልፈዋል። የጡት ወተት ደግሞ በዚህ ቫይታሚን ድሃ ነው። ደሙ መርጋት ያቅተዋል፤ ዘግይቶ የሚመጣው መድማት ከ2ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው አንጎልን ነው። መርፌ የወጋሁበት ቦታ ደሙ አልቆም ሲል ጥርጣሬዬ ወደዚያ ያደላል። እናቲቱን ፖሊስ ፊት ከማቆም በፊት ቫይታሚኑን ሰጥቶ በሪፈር መላክ ይቀድማል።

ይሁንና «የወሊድ ነው» የሚለው መልስ ለሁሉም ይመቻል፤ ለእኛም ጭምር፣ ከፍርድ ቤት ምልልስ ያድናል። ወሊድ በጤነኛ ሕፃናትም ላይ ሳይቀር በአንጎል ሽፋን ሥር ጥቂት ደም እንደሚተው በኤምአርአይ ታይቷል፤ አብዛኛው በ1 ወር፣ ቀሪው በ3 ወር ገደማ ይመጠጣል። ስለዚህ በ5 ወር ልጅ ላይ የተገኘ ትኩስ ደም በአዋላጇ አይላከክም። ገና መገላበጥ ያልጀመረ ልጅ ጆሮው ላይ ሰንበር ከታየ፣ የአባትና የእናት ቃልም ካልገጠመ፣ ልጁን አልጋ አስይዤ ሪፖርት እጽፋለሁ።

ያኔ ሽማግሌ ይመጣል። ራያ ቆቦ ደም የተቃቡትን ዘወልድ በሚባለው ባህላዊ ሽምግልና የሚያስታርቅ አገር ነው፤ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ለእኛ ተወው» ሲሉኝ ተነስቼ ነው የምቀበላቸው። ግን እርቅ የሚወርደው ሁለት ወገን ተቀምጦ ነው፤ የ5 ወሩን ልጅ ወክሎ የተቀመጠ እስካላየሁ ወረቀቱ ወደ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ ይሄዳል።