ሶፋው ይቆይ፤ ብርድ ልብሱ ይቅደም

ጎጆ ወጪዎች ገበያ ሲወጡ ዓይናቸው አስቀድሞ በምን ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ ሮቤ ከተማ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ደጅ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ቢመለከት ይበቃዋል። ልጅቱ ሶፋውን በእጇ ትዳብሳለች። ልጁ በቡፌው መስተዋት ፊቱን እያየ ዋጋ ይጠይቃል። አልጋው ተፈታትቶ ከግድግዳ ጋር ተደግፏል። ፍራሽን የሚያነሣ የለም።

ነገሩ የሚያስገርም አይደለም። ልጇ እንዴት ያለ ቤት እንደገባች ለማየት ከገጠር የምትመጣ እናት፣ አብረው የተማሩ ጓደኞች፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ ሁሉም ገብተው የሚያርፉት ሶፋው ላይ ነው። ፍራሹን ማን ያየዋል? እንግዲህ ብዙዎቹ አዲስ ተጋቢዎች ያላቸውን ጥሪት የሚያውሉት በወር አንድ ቀን ለሚመጣው እንግዳ ይሆንና፣ ራሳቸው ሌሊቱን ሙሉ የሚያድሩበት ነገር ከተረፈ ገንዘብ ይገዛል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆኑኝ ባልና ሚስትም እንዲሁ ነበር ያደረጉት። እርሱ መምህር፣ እርሷ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለለመኑኝ ባልና ሚስቱ እያልኩ እቀጥላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር ተጋብተው ከአንዲት ባልቴት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ሊሾ ወለል ያለው ሲሆን፣ ኮርኒስ አልነበረውም። ዘመድ የሰጣቸውን የጎጆ መውጫና ሁለቱም ከደመወዛቸው ያጠራቀሙትን ደምረው ገበያ ወጡ። ከእያንዳንዱ መቶ ብር ሰባው በሶፋና በቡፌ አለቀ። በቀረው አልጋ፣ ቀጭን የስፖንጅ ፍራሽ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ድስትና ምድጃ ተገዛ። ከሠርጉ የተረፈ አንድ ጋቢም ነበራቸው።

ሮቤ የሲናና ወረዳ እምብርት ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከጎባ ወደ ላይ ሲወጣ የሳነቴ አምባና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ይገኛሉ። በክረምት ደመናው እንደ ልብስ ሆኖ የምድሩን ሙቀት በመጠኑ ይይዛል። ዳሩ ግን ከኅዳር ወዲህ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር የቀኑ ሙቀት ሽቅብ ተኖ ይጠፋል፣ ጧት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ባልና ሚስቱ ቤት ሲያደራጁ ገና ጥቅምት ነበርና ይህን አላሰቡትም።

በታኅሣሥ አንድ ዓርብ ማታ ብርዱ ሲብስባቸው እራት የተሠራበትን የከሰል ምድጃ ፍሙ እንደቀላ ወደ መኝታ ክፍል አስገቡት። በሩን ዘጉ፤ የመስኮቱንም ክፍተት በጨርቅ ወተፉ። «ጭሱ አልቋል፤ ፍም ብቻ ነው፤ ምን ይጎዳናል?» እንዳለ ባልየው ራሱ አጫውቶኛል።

ቅዳሜ ጧት ቡና የምታፈላው ሙሽራይቱ ነበረች። ባልቴቷ ጥቂት ጠበቁና ወደ በሩ ሄደው «ልጄ፣ ዛሬ ቡና የለም እንዴ?» ብለው ተጣሩ። መልስ የለም። ደግመው ቢያንኳኩ የሰማቸው የለም። የጎረቤት ልጅ ጠርተው በሩ ሲገነጠል ሚስትየዋ ለመነሣት እየሞከረች ጉልበቷ ከድቷት ወለሉ ላይ ወድቃለች፤ ባልየው ያቃስታል እንጂ ዓይኑን አልገለጠም። በባጃጅ ተጭነው ሐኪም ቤት ደረሱና ሁለቱም ተረፉ። «እትዬ ቡና ባይወዱ ኖሮ ዛሬ አታነጋግሪኝም ነበር» አለችኝ ሚስትየዋ። ስትናገር እየሳቀች ነበር፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

የከሰል ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰውየው በቂ አየር የተነፈሰ እየመሰለው ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ያልፋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሰውየውን ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፍም ይዞ መተኛት ጨርሶ አይገባም።

ባልና ሚስቱን ለዚህ ያበቃቸው ድህነት አልነበረም። በሶፋው ዋጋ ለሦስት አልጋ የሚበቃ ብርድ ልብስ ይገዛ ነበር። ስለዚህ ቤት ማደራጀት የሚጀመረው ከመኝታ ነው እላለሁ።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። በዚህ ዓምድ የዕቃ ዋጋ ዘርዝሬ ብጽፍ ጋዜጣው አንባቢ እጅ ሳይደርስ ሊለወጥ ይችላል። በተለይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አንድ ቦታ አልቆመም። ስለሆነም በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ የቤት ኪራዩ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረውን በመቶ ብር፣ በመቶ ብር እያደረጋችሁ አስቡት። እኔ ብሆን ከእያንዳንዱ መቶ 45ቱን ለመኝታ፣ 20ውን ለምድጃና ለማብሰያ፣ 10ሩን ለውሃ ዕቃ፣ 10ሩን ለኮርኒስ፣ ለመጋረጃና ለመደርደሪያ፣ 5ቱን ለመቀመጫና ለቡና ዕቃ አውልና የቀረውን 10 ብር አልነካውም። ያልታሰበ ነገር መቼም አይጠፋም።

ለመኝታ 45 ብር በዛ የሚለኝ አይጠፋም። በቆላ ቢሆን እኔም እቀንስ ነበር። በባሌ ደጋ ግን ብርድ የሚገባው ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከሥርም ነው። ስፖንጅ ፍራሽ ስትገዙ በጡጫ ተጫኑትና ልቀቁት፤ ቶሎ ወደ ቦታው ካልተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሰረጉዳል። ሁለት እኩል መጠን ያላቸውን አንሥታችሁ መዝኑ፤ ከባዱ ይሻላል። ገንዘቡ ለወፍራም ካልበቃ ቀጭኑን ገዝታችሁ ከሥሩ የገለባ ፍራሽ አንጥፉ። ሲናና የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ኮምባይነር አጭዶ ካለፈበት ማሳ ገለባ አይጠፋም። የገብስ ጢም ይወጋልና የስንዴውን ምረጡ። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ በአቡጀዲ ወይም በንጹሕ ጆንያ ሰፍታችሁ ሙሉት። የባሌ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በመኸር ስለሚያመርት፣ ገለባውን በየምርቱ ወቅት መለወጥ ይቻላል። ካልተለወጠ ይደቅቃል፤ ቁንጫና ትኋንም ይራባበታል። የበግ አጎዛ የምታገኙ ደግሞ ከአንሶላው ሥር ብታነጥፉት ዋጋውን ታዩታላችሁ።

ከላይ ለመልበስ አንድ እጅግ ወፍራም ብርድ ልብስ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ መግዛት የተሻለ ነው። በሁለቱ መካከል የሚያዘው አየር ሙቀት ያቆያል። ጋቢም ሙቀቱ አራት ድርብ በመሆኑ ነውና፣ ጋቢ ያለው ሰው ከብርድ ልብሱ ሥር ቢለብሰው ይጠቅመዋል። አልጋውን ከጭቃው ግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁት፤ እርጥበቱ ፍራሹን ያሻግተዋል። ፍራሽ በሊሾ ላይ በቀጥታ አይነጠፍም። አልጋ መግዛት ካልተቻለ አናጺው ጥቂት ጣውላ በጣውላ ላይ ቢመታላችሁ ለጊዜው ይበቃል።

ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ሌሊት ሙቀቱን በጣሪያው ይለቃል፤ ጧት ደግሞ ቆርቆሮው ያላበውን ውሃ አልጋው ላይ ያንጠባጥባል። በአካባቢው የማዳበሪያ ከረጢት በርካሽ ይገኛል። ተተርትሮ፣ ደጋግሞ ታጥቦና ደርቆ፣ እርስ በርሱ ተሰፍቶ ሲወጠር ደህና ኮርኒስ ይሆናል። አከራያችሁን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። አንዳንዶቹ ወጪውን ከኪራዩ ላይ ያስቡላችኋል፤ ጠይቆ ማየት አይጎዳም።

ከረጢቱን ካነሣሁ ስለ ጀሪካን ሳልናገር አላልፍም። የስንዴ እርሻ ባለበት አገር የፀረ አረምና የፀረ ተባይ መድኃኒት ባዶ ዕቃም በየቦታው ይገኛል። አንዳንዱ ሰው አጥቦ ለውሃ ወይም ለዘይት ይሸጠዋል። መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ስለሚቀር በሳሙናም፣ በአመድም፣ በፈላ ውሃም አይለቅም። ከየት እንደመጣ የማታውቁትን ጀሪካን፣ በነጻም ቢሰጣችሁ፣ አትቀበሉ። የምግብ ዘይት የመጣበት ቢጫ ጀሪካን ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ ከታጠበ ያገለግላል። ሁለት ትልልቅ ጀሪካን፣ አንድ ባልዲና አንድ ሳፋ ለሁለት ሰው ይበቃሉ።

ወደ ማብሰያው ስንመጣ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ቆጣሪው ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል ይስባል፤ በአንድ ቆጣሪ አራትና አምስት ተከራይ በሚጠቀምበት ግቢ ጠብ ያመጣል፤ ሽቦም ያቃጥላል። ለሁለት ሰው በሳምንት አንድ ቀን በአከራይ ወይም በጎረቤት ምጣድ ተራ ይዞ መጋገር ይቻላልና ምጣዱ ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ። የከሰል ምድጃ ስትገዙ ውስጡ በሸክላ የተለበጠውን፣ «ላቀች» የሚባለውን ምረጡ። ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ከሰል ይቆጥባል፤ በየወሩ የሚተርፈው ከሰል የዋጋውን ልዩነት ይመልሳል። ማብሰያ ቦታው ከመኝታ ክፍል ውጭ ይሁን። ለምን እንደሆነ ከላይ ተነግሯል።

በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከቆላ የመጣች ሙሽራ «አተሩ አልበስል አለኝ» ብላ ብትቸገር ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ወፍራም፣ ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ ድስት አንድ ይኑራችሁ፤ ሳስቶ ከተሠራ ሁለት ድስት ይበልጣል። ጥራጥሬውን አዳር ዘፍዝፉት። ገለባ ደግሞ እዚህም ያገለግላል። በጦርነት ዘመን ማገዶ ያጠራቸው የአውሮፓ የቤት እመቤቶች እንዳደረጉት፣ አንድ ካርቶን ወይም ሣጥን በገለባ ሙሉና መካከሉን ለድስቱ ጎድጎድ አድርጉት። ክኩን ወይም ምስሩን ለ10 ደቂቃ ያህል በደንብ አንተክትካችሁ፣ ክዳኑን ሳትከፍቱ ከገለባው ውስጥ ቅበሩትና በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ሥራ ውላችሁ ለምሳ ስትመለሱ በስሎ ታገኙታላችሁ። እኔም ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ክዳኑን እያነሣሁ ስላየሁት አልበሰለልኝም።

አናጺ ዘንድ ስትሄዱ ችኮላ አያስፈልግም። በአካባቢው አልጋና ወንበር በብዛት የሚሠራው ከባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራ በበጋ ይጣመማል፤ መጋጠሚያውም ይከፈታል። ዕቃውን ይዛችሁ አወዛውዙት፤ ከሥሩ ያልተቀባውን ቦታ በእጃችሁ ዳሱት፣ ቀዝቀዝና እርጥብ ካለ ተውት። ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቀውን የተጨመቀ እንጨትም እርጥበት ባለበት የጭቃ ቤት አላምነውም፤ ወለል ሲታጠብ እግሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሮቤ የመደወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ በመሆኗ ተዛውሮ የሚመጣውና የሚሄደው ሠራተኛ ብዙ ነው። የዓመቱ ትምህርት ሲያበቃ በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ያገለገለ አልጋና ጠረጴዛ የሚሸጥ አይታጣምና፣ እስከዚያ የሚታገሥ ሰው ብዙ ብር ያተርፋል። ያገለገለ ፍራሽ ግን አልመክርም።

በዱቤ ሶፋ መግዛትም አለ። ባልና ሚስቱ የሶፋውን ዋጋ ገሚሱን ብቻ ነበር የከፈሉት፤ ቀሪውን በየወሩ ይከፍሉ ስለነበር በታኅሣሥ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ለመግዛት አስበው ገንዘቡ አልተረፈም። ጌጠኛ ዕቃ የሚፈልግ ሰው እቁብ ይግባ፤ ዕጣው ሲወጣ በሙሉ ዋጋ ይግዛ። ዕጣው እስኪደርስም ቤቱ በእርግጥ ምን እንደጎደለው ያውቃል። አንዳንዴ ሶፋ ሆኖ አይገኝም።

እንግዳ የት ይቀመጣል? አራት ዱካና አንድ ሰሌን ይበቃሉ። ከአምስቱ ብር ላይ ግን ጀበናውንና ስድስት ስኒ አታጉድሉ። ረከቦቱ ቢቀር በትሪ ይቀርባል። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ከጎረቤት ጋር የሚተዋወቀው በዚያች ስኒ ነው፤ አንድ ቀን በሩ ሳይከፈት ቢውል «ምነው ዛሬ?» ብሎ የሚጠይቀውም ያው ጎረቤት ነው።

ባልና ሚስቱን በቅርቡ ጠይቄያቸው ነበር። ሶፋውን በኪሳራ ሸጠው የዱቤውን ዕዳ ዘግተዋል፤ ኮርኒሱ ተወጥሯል፤ አልጋው ላይ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ አጎዛ አለ። ዱካ አቅርበውልኝ ከባልቴቷ ጋር ቡና ጠጣን። ቡፌው ገዢ ስላላገኘ እዚያው ቆሟል። ከመስተዋቱ ጀርባ የሽንኩርትና የድንች መደርደሪያ ሆኗል።