የመኪናን የታይሚንግ ቺንጋ በቤት ስለ መለወጥ፤ በአፍደም ከተሠራ ሥራ የተገኘ ትምህርት

አፍደም በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል፥ በባቡር መስመር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የጥንቱ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፥ በመካከሉ የነበሩት ትናንሽ ጣቢያዎች ትልቅ አገልግሎት ይሰጡ ነበር። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለ ነበረ ከላይና ከታች የሚመጡ ባቡሮች በመንገድ ላይ መተላለፍ አይችሉም፤ አንዱ ጣቢያ ገብቶ በጎን ሐዲድ ላይ ቆሞ ሌላው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ስለዚህ የሥራው ሁሉ መሠረት ሰዓትን ማክበር ነበረ።

በመኪና ሞተር ውስጥም ይህን የመሰለ አንድ ሐዲድ አለ። በሲሊንደሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ጠባብ ቦታ ፒስተኑ ከታች ወደ ላይ እየወጣ፥ ቫልቩም ከላይ ወደ ታች እየወረደ በየተራ ይጠቀሙባታል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከደረሱ ይጋጫሉ። ተራቸውን የሚያስጠብቀው በጋራዦቻችን «የታይሚንግ ቺንጋ» የሚባለው ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቺንጋ ምን እንደሚሠራ፥ ለምን በጊዜው መለወጥ እንደሚገባው፥ እንዲሁም ከዚህ በፊት ለውጠን የማናውቅ ሁለት ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችን አፍደም ላይ እንዴት እንደ ለወጥነው ለማስረዳት ነው።

ሀ. የቺንጋው ሥራ

ሞተር ሥራውን የሚፈጽመው በአራት ደረጃ ነው፤ እነርሱም አየር መሳብ፥ አየሩን መጭመቅ፥ ነዳጁ ሲቃጠል መገፋት፥ በመጨረሻም ጢሱን ማስወጣት ናቸው። በእነዚህ አራት ደረጃዎች ውስጥ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፥ ማለት ክራንክ ሻፍቱ፥ ሁለት ጊዜ ሲዞር፥ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። አንባቢ ይህን ቍጥር በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ቀድሞ ሁለቱን ዘንጎች ያያይዝ የነበረው የብረት ጥርስ ወይም ሰንሰለት ነበር። በብዛት በተመረተ መኪና ላይ የጎማ ቺንጋን ለዚህ ሥራ መጀመሪያ ያዋለው የጀርመኑ የግላስ ፋብሪካ ሲሆን፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው 1004 በተባለው መኪናው ነው። ጎማ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ እንደ ሰንሰለት በዘይት መራስ አያስፈልገውም፤ ዋጋውም ይረክሳል። ነገር ግን ሰንሰለት ሲያረጅ እየላላ ይጮኻል፤ ጎማ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገር ይበጠሳል።

እኛ የሠራንበት መኪና ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው። ሞተሩ 1ኤች ዜድ የሚባለው፥ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ባለ 6 ሲሊንደር፥ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር ነው። የዚህ ሞተር አሠራር ለጀማሪ ይመቻል። ክራንክ ሻፍቱ የናፍታውን ፓምፕ በብረት ጥርሶች ያዞረዋል፤ ቺንጋው ደግሞ ከፓምፑ በኩል ካለው ፑሊ ተነሥቶ ወደ ካም ሻፍቱ ፑሊ ብቻ ይወጣል። በብዙ ሌሎች ሞተሮች ላይ ግን ቺንጋው ከክራንክ ሻፍቱ ስለሚነሣ ከፊት ያለውን ትልቅ ፑሊ ማውለቅ ግድ ይሆናል፤ ይህም ለቤት ሥራ ከባድ ነው።

ለ. የመለወጡ ምክንያት

ቺንጋው ከውስጡ የመስታወት ክር የተዘረጋበት ጎማ ነው። ሙቀት ያደርቀዋል፤ ዘይት ያለሰልሰዋል፤ ዕድሜም ብቻውን ይሰነጥቀዋል። በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍታ መኪናዎች ላይ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ በሾፌሩ ፊት የቺንጋ መብራት ይበራል። ይሁን እንጂ መብራቱ ከኪሎ ሜትር ቈጣሪው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ቈጣሪው ሲቆም እርሱም ዝም ይላል።

ያጋጠመንም ይኸው ነበር። መኪናው ከመካከላችን የአንደኛችን አጎት ንብረት ነው። ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ነው፤ ቈጣሪው ከቆመ ቈይቷል፤ ቺንጋው መቼ እንደ ተለወጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህ መኪና ወደ ድሬዳዋ ዕቃና ሰው ያመላልሳል፤ በሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትኖርም የሚቀሰቀሱት አጎታችን ናቸው። ክዳኑን ከፍተን ብናይ የቺንጋው ጀርባ ተሰነጣጥቆ፥ ጠርዙም ተበጣጥሶ ክሩ ወጥቷል። ወደ ድሬዳዋ ጋራዥ ነድቶ መውሰድ ደግሞ ያንኑ ሊበጠስ የደረሰ ቺንጋ በረጅም መንገድ ላይ መፈተን ነው። በመንገድ ላይ ቢበጠስ ካም ሻፍቱ ይቆማል፤ ፒስተኖቹ ግን መውጣታቸውን ስለማያቆሙ ተከፍተው የቀሩትን ቫልቮች ያጎብጣሉ። ያን ጊዜ ቴስታታውን አውርዶ ማደስ ግድ ነው።

አጎታችን አሳባችንን ሲሰሙ፥ «ልጆቼ፥ ይህች መኪና ከቆመች የምቆመው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ታውቃላችሁ?» አሉን። «እናውቃለን ጋሼ፤ በእጃችን አዙረን ሳናረጋግጥ ቁልፍ አናስነሣም» ብለን ቃል ገባንላቸው። ሥራውን በሙሉ የመራው ይህ ቃል ነው።

ሐ. አሠራሩ

አዲሱን ቺንጋ፥ የሚወጥረውን ተሽከርካሪ ከነኩሽኔታውና ሞላውን ከድሬዳዋ አስመጣን። ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርገን ስፋቱን ለካን፤ ጥርሱንም አንድ በአንድ ቈጠርን። የአፍደም ነፋስ ከሰዓት በኋላ አቧራ ስለሚያነሣ ጎሕ ሲቀድ ጀመርን፤ በመኪናውም ዙሪያ መሬቱን ውሃ ረጨንበት። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይህ ነው።

1ኛ፥ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፥ ጎማዎቹ በድንጋይ ታግደው፥ ማርሹ ነጻ ሆኖ፥ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ነቀልን።

2ኛ፥ የቺንጋውን ክዳን ቡሎኖች ፈታን። ርዝመታቸው ስለሚለያይ እያንዳንዱን በካርቶን ላይ በየቦታው ሰካን። ራዲያተሩን ማውረድ አላስፈለገንም።

3ኛ፥ በክራንክ ሻፍቱ ቡሎን ላይ ረጅም መፍቻ ገጥመን፥ ከፊት ለፊት ሲታይ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ሞተሩን በእጅ አዞርን፤ የክራንኩ፥ የፓምፑና የካሙ ምልክቶች በየአንጻራቸው ሲቆሙ አቆምን። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ሲዞር ካሙ አንድ ስለ ሆነ፥ የክራንኩ ምልክት ትክክል ሆኖ ሳለ የካሙ ምልክት ወደ ታች ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ሲሆን አንድ ዙር መጨመር ያስፈልጋል።

4ኛ፥ በምልክቶቹ ላይ ነጭ ቀለም ቀባን፤ ሞላውን ነቅለን፥ የመወጠሪያውን ቡሎን አላልተን፥ አሮጌውን ቺንጋ አወጣን። መወጠሪያውንና ሞላውን በአዲስ ለወጥን።

5ኛ፥ አዲሱን ቺንጋ ሳናጥፍና ሳንጠመዝዝ አገባን። መወጠሪያ በሌለበት በኩል ያለው ክፍል ቀጥ ብሎ መወጠር አለበት፤ ትርፉ መወጠሪያው ወዳለበት በኩል ይሄዳል፤ ያንንም ሞላው ራሱ ይሰበስበዋል። በካቻቢቴ ወይም በብረት ማንሻ መወጠር አይገባም፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

6ኛ፥ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረን ምልክቶቹን እንደ ገና ተመለከትን።

መ. የሠራነው ስሕተት

ከሁሉ የበለጠ የተማርነው ከዚህ ከመጨረሻው ሥራ ነው። አሮጌው ቺንጋ ሲወጣ የቫልቮቹ ሞላዎች ገፍተውት የካሙ ፑሊ በድንገት ጥቂት ዘለለ። ፑሊውን በመፍቻ ቀስ አድርገን መለስነው፤ አዲሱንም ቺንጋ አገባን፤ ከላይ ሆነን ስናየው ሁሉም ትክክል መሰለን። ሁለት ዙር ካዞርን በኋላ ግን የካሙ ምልክት አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ።

ምክንያቱን ስንመረምር ቀጥ ማለት በሚገባው በኩል ጥቂት ልል ትተን ነበር። ፓምፑ መዞር ሲጀምር በመጀመሪያ ያን ልል ሰበሰበ፤ ካሙም እስኪሳብ ድረስ ዘገየ። ሌላው ጥፋታችን ምልክቱን በሰያፍ ማየታችን ነው፤ ዐይን ከፑሊው ፊት ለፊት ካልሆነ የአንድ ጥርስ ስሕተት አይታይም። አንድ ጥርስ ብቻ ሲሳሳት ሞተሩ ምናልባት ቢነሣ እንኳ ጢስ ያበዛል፥ ጉልበትም ያንሰዋል፤ ስሕተቱ ከዚያ ሲበልጥ ግን ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። ያን ጊዜ ቁልፍ አስነሥተን ቢሆን ኖሮ የሚደርሰውን ማሰብ ይበቃል።

እንደ ገና ፈትተን ገጠምን። ከዚህ በኋላ ሁለት ሁለት ዙር እያደረግን ሁለት ጊዜ በእጅ አዞርን፤ ምልክቶቹ በሁለቱም ጊዜ በቦታቸው ቆሙ። የመወጠሪያውን ቡሎን ጨርሰን ያጠበቅነው ያን ጊዜ ነው። ሲያዞሩ የሚሰማውን ተቃውሞ መለየትም ያስፈልጋል። ይህ የናፍታ ሞተር አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚጨምቅ ይከብዳል፤ ነገር ግን የአየር ተቃውሞ የተነፋ ኳስ እንደ መጫን ነው፤ ቀስ ብሎ ይሸነፋል። ብረት ከብረት ሲገናኝ ግን መፍቻው ድንገት ቀጥ ይላል። እንዲህ ሲሆን ያለ ማስገደድ ማቆምና ምልክቱን መመርመር ነው።

ሠ. ማጠቃለያ

ክዳኑን ከገጠምንና ባትሪውን ከመለስን በኋላ አጎታችን ራሳቸው ቁልፉን አዞሩ፤ ሞተሩ ተነሣ። በዚያው ሳምንት መኪናው ወደ ድሬዳዋ ደርሶ ተመለሰ።

ከዚህ ሥራ የተረዳነው የታይሚንግ ቺንጋ መለወጥ የጉልበት ሥራ አለመሆኑን ነው፤ መፍቻና አንድ ጧት ይበቁታል። የሚፈልገው ነገር በምልክት መመራትና ሞተሩን በራሱ ኀይል ከማዞር በፊት በእጅ አዙሮ መፈተን ነው። ይህን ያደረገ ሰው ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ የሚያስከፍለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳይፈትን ቁልፍ ያስነሣ ሰው ግን በቴስታታው ይከፍላል።

ቈጣሪው የቆመ ስለ ሆነ ቺንጋው የተለወጠበትን ቀን፥ ወርና ዓመት በክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም ጻፍን። አጎታችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉዞውን ብዛት በደብተር መመዝገብ ጀመሩ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ይህን ክዳን የሚከፍት ሰው እንደ እኛ በግምት አይሠራም። ጓደኞቻችንም ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሲመለሱ የቤተ ሰባቸው መኪና ቺንጋ መቼ እንደ ተለወጠ ይጠይቁ ዘንድ እናሳስባለን፤ የሚመልስ ሰው ከጠፋ ጊዜው የደረሰ ነው ብለው ይቍጠሩት።