የቆየች መርሴዲስ ለመግዛት ያሰበ ሰው ምን ምን ይመልከት?

ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ የምትታየውን ሰማያዊ መርሴዲስ የማያውቅ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። በጥላዋ ተቀምጦ የሚያጠና አለ፤ ኮፈኗ ላይ ካልሲ የሚያሰጣም አልጠፋም። እዚያ እንዴት እንደ ቆመች የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ባለቤቷ ባልደረባችን «ጻፉት፤ ሌላው ይማርበት» ብለው ስለ ፈቀዱልን፣ የዛሬውን ዓምዳችንን ለዚሁ አውለነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባልደረባችን እቁብ ደረሳቸው። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱባት፣ ለበዓል አገር ቤት የሚገቡባት መኪና ፈለጉ። ደላላው «ማርቸዲስ አለች፤ ዋጋዋ ደግሞ ከአንዲት ትንሽ መኪና ያነሰ ነው» አላቸው። እኛም ሦስት ሆነን አብረናቸው ሄድን። ሻጩ መኪናዋን አሳጥቦ፣ ሞተሯን በናፍታ አስወልውሎ፣ አስነሥቶ አሙቆ ጠበቀን። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ተነሣች። በሯን ስንዘጋው በዚያ በታወቀው ከባድ ድምፅ «ድም» አለ። «አቤት የጀርመን ሥራ!» አልን። አንዳችንም ምንጣፏን ገልጠን አላየን፤ አንዳችንም ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ አልሰማን።

በሦስተኛው ሳምንት ዳገት ላይ ውኃ አፈላች። ጋራዥ ገብታ ስትፈታ ቴስታታው ተሰንጥቆ፣ ወለሉም ምንጣፉ ሥር በዝገት ተበልቶ ተገኘ። የጥገናው ሒሳብ ከመግዣዋ ዋጋ ከግማሽ በላይ ሆነ። ባልደረባችን የእቁቡን ገንዘብ እየከፈሉ መኪናዋን ማስጠገን አልቻሉም። «ይግዟት» ያልናቸው እኛ ነንና ጥፋቱ የእኛም ነው።

በዚህ ወር ደግሞ አንድ ወጣት መምህር እቁብ ደርሶት እንደዚሁ ያለች መኪና ሊያይ ተዘጋጅቷል። እንግዲህ ይህን የምንጽፈው በመጀመሪያ ለእሱ፣ ቀጥሎም ነገ ደመወዝተኛ ለምትሆኑት ሠልጣኞች ነው።

ርካሽ የምትመስለው ለምንድን ነው?

የቅንጦት መኪና ስታረጅ የመግዣ ዋጋዋ ይወርዳል። የመለዋወጫዋና የጥገናዋ ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም። ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት «ስንት ትሸጣለች?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ደህና ሆና እንድትሄድ ስንት ትፈልጋለች?» ብሎ ነው። ሁለቱ ተደምረው ነው እውነተኛውን ዋጋ የሚሰጡት።

በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በመሆኑም አሮጌዎቹ መርሴዲሶች ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩት እዚሁ ካሉት ነው። አንዷ መኪና አምስትና ስድስት ባለቤት አይታ፣ በየጊዜው በየጋራዡ ተለጣጥፋ ሊሆን ይችላል። ከመልኳ ይልቅ ታሪኳን መመርመር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የትኛዋ መርሴዲስ?

ባልደረባችን የገዟት ዓይነት በፋብሪካው አጠራር 123 የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እስከ 1986 መጀመሪያ ድረስ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል። የመጨረሻዎቹ እንኳ ዛሬ አርባ ዓመት ግድም ሆኗቸዋል። ተከታዩ 124 የተባለው እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ወጥቶ፣ የቤት አውቶሞቢሉ እስከ 1995 ተሠርቷል።

ከ123ዎቹ መካከል 240 ዲ የሚባለው ባለ አራት ፒስተን ናፍታ ሞተር ነው። 300 ዲ ደግሞ ባለ አምስት ፒስተን ናፍታ ነው። ሁለቱም ጊዜውን ጠብቆ ዘይት ለሚቀይርላቸው ሰው ብዙ የሚያገለግሉ ሞተሮች ናቸው። ሆኖም ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች አንድ ነገር እናስተውል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚደርስ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር ሲያንሰው ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የኋለኞቹ 240 ዲዎች ጉልበት 72 ፈረስ ነው፤ እዚህ ሲደርስ 55 ገደማ ይቀራል። ስለዚህ 240 ዲ ዳገት ላይ ቀስ ብላ ብትሄድ ታማለች ማለት አይደለም፤ ተፈጥሮዋ ነው። ችኩል ሰው ግን አይግዛት።

124ቱ ነዳጅ ይቆጥባል፣ መንገድም በደንብ ይይዛል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1992 ገደማ ወዲህ በተሠሩት ላይ የሞተሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ በሙቀት እየደረቀ የሚፈረፈር ነው። ይህን ዓይነት የሚገዛ ሰው ገመዱ ተቀይሮ እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ በዓይኑም ይይ።

ሀ. መጀመሪያ ወረቀቷ

መኪናዋን ከመንዳታችሁ በፊት ሊብሬዋን አንብቡ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናዋ ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ። በ123 መርሴዲስ የሻንሲ ቁጥር ውስጥ ዓይነቷ ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ 123 123 የሚል ካለበት ከፋብሪካ ስትወጣ 240 ዲ ነበረች፤ 123 130 የሚል ካለበት 300 ዲ ነበረች ማለት ነው። ከኋላ የተለጠፈው ጽሑፍ ሌላ ከሆነ ወይ ጽሑፉ ወይ ሞተሩ ተቀይሯል። ሞተር መቀየሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ግን መዘዙ ለገዢው ይተርፋል።

ፋይሏ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለባት አጣሩ። ሻጩ ባለቤቱ ራሱ ነው ወይስ ወኪል? ወኪል ከሆነ ውክልናው «መሸጥ» የሚል ቃል እንዳለበትና እንዳልተሻረ ይረጋገጥ። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ካልሆነ ያላገባ ለመሆኑ ማስረጃ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ውልና ማስረጃ ሲደረስ መጠየቁ አይቀርም። ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ከመስማት ቀድሞ ማወቅ አይሻልም?

ለ. ቀጥሎ ዝገቷ

ሞተር ይጠገናል፤ የበሰበሰ አካል ግን የሞተሩን ያህል በቀላሉ አይታደስም። በዚህ ላይ የእኛ የመምህራን መሣሪያ አለ፤ ማግኔት! ከትምህርት መርጃ ክፍላችን ትንሽ ማግኔት ተውሳችሁ፣ ቀለሙን እንዳይጭር በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በሮቹን፣ የጎማዎቹን ዙሪያና የታችኛውን ጠርዝ አስነኩ። ላሜራ ከሆነ ይይዛል። ስቱኮ ተሞልቶበት ከሆነ አይይዝም፤ ወይም በደካማው ይይዛል።

ከዚያ ጎንበስ በሉ። ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ ክሪክ የሚገባባቸው አራት ቀዳዳዎች አሉ፤ ዙሪያቸው በዝገት ከተፈረፈረ ይህች መኪና በገዛ ክሪኳ አትነሣም። የዕቃ መጫኛውን ከፍታችሁ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ተመልከቱ። ባትሪው የሚቀመጥበትን ሥፍራና የኋላ መስተዋቱን የታችኛውን ጠርዝ እዩ። በመጨረሻም ምንጣፉን ግለጡ። እርጥብ ከሆነ ውኃው ከየት እንደ መጣ ሻጩን ጠይቁ። እኛ ይህን አንዱን ብቻ ብናደርግ ኖሮ የባልደረባችን ገንዘብ ዛሬ በእጃቸው ነበር።

ሐ. ከዚያ ሞተሯ

ሻጩን «ከመምጣታችን በፊት እንዳታስነሣት» ብላችሁ ቃል አስገቡት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ጠዋት ተመለሱ። የናፍታ ሞተር ሕመም የሚታወቀው ሲቀዘቅዝ ነው። ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ደህና ሞተር ቶሎ ይነሣል። ብዙ ካስለፈለፈ ወይ ካንዴላው ወይ የፒስተኑ ግፊት ደክሟል።

ጭሱን አንብቡ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጁ ከአየሩ መብለጡን ያሳያል፤ በደጋ አገር ጥቂቱ የሚጠበቅ ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውኃ ወደ ፒስተኑ እየገባ እንዳይሆን ያሠጋል።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱ። ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል። በክዳኑ ሥር እንደ እርጎ ያለ ነጣ ያለ ነገር ካለ ዘይትና ውኃ ሳይደባለቁ አልቀሩም፤ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሙቅ ሳለ በፍጹም አትንኩ! ይህ ክዳን ተራ ክዳን አይደለም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ግን ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ቶሎ አይፈላም። ስለዚህ በደጋ አገር የላላ ክዳን ቀስ በቀስ ቴስታታ ያስፈነዳል።

አንድ ቀላል ሙከራ ደግሞ እነሆ። በ123 ናፍታ ሞተርን የሚያጠፋው ቫኩም ነው፤ ማለትም ቁልፉ ሲዘጋ በቀጭን ቱቦ የሚመጣ የአየር መመጠጥ ነዳጁን ያቆመዋል። የፍሬኑም አጋዥ የሚሠራው በዚሁ ቫኩም ነው። ቁልፉን ዘግታችሁ ሞተሩ እየሠራ ከቀጠለ አንድ ቦታ አየር ያስገባል። ሕመሙ አንዲት ርካሽ ቱቦ ልትሆን ትችላለች። ቢሆንም ዋጋ ሲቀነስ ይነገራል፤ ፍሬኑም አብሮ ይመረመራል።

መ. መንዳትና መካኒክ

ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱ። የሙቀቱን መርፌ ከዓይናችሁ አታርቁ። መሪው ጎማው ሳይንቀሳቀስ ከሁለት ጣት በላይ የሚዞር ከሆነ ልቅ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ደግሞ አትመኑት፤ የዚህ ዓይነት መኪና ቆጣሪ ፍጥነቱን እያሳየ ኪሎ ሜትሩን መቁጠር ያቆማል። የመቀመጫውን መጎድጎድና የፍሬን ፔዳሉን ጎማ ማለቅ ብትመለከቱ ይበልጥ እውነቱን ይነግሯችኋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መካኒክ ይያት። መካኒኩን ግን ገዢው ይምረጥ፤ ደላላው ያመጣውን መካኒክ አመስግኖ መሸኘት ነው። የተገኘውን ጉድለት በወረቀት ጻፉና የዕቃዎቹን ዋጋ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ጠይቁ። የመካኒኩን የእጅ ዋጋ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑንና የቦሎውን ወጪ ጨምሩበት። ድምሩ ከአቅም በላይ ከሆነ መኪናዋ የቱንም ያህል ብታምር ለእናንተ አልተሠራችም።

የእኛ ምክር ካላችሁ ገንዘብ ሢሶው ለጥገና እንዲቀመጥ ነው። በእቁብ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ደግሞ የእቁቡ ክፍያ ገና እንደሚቀጥል አይርሳ። መኪናዋ ብትቆምም እቁቡ አይቆምም።

ማጠቃለያ

በክፍል ውስጥ «መጀመሪያ አስተውሉ፤ ከዚያ መደምደሚያ ላይ ድረሱ» እያልን እናስተምራለን። ያን ዕለት ግን በአንድ የበር ድምፅ ተደልለን ከመደምደሚያው ጀመርን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ መልቀሙም ገና አላለቀልንም።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣቱን መምህር ይዘን እንሄዳለን። ማግኔቱን ከትምህርት መርጃ ክፍል ፈርመን ወስደናል። ሻጩም መኪናዋን እንዳያስነሣት ተነግሮታል። ከመምህራንም ከሠልጣኞችም አብሮን መጥቶ ማየት የሚፈልግ ካለ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ይጠብቀን። መኪናዋ ደህና ሆና ከተገኘች እሰየው። ካልሆነች ግን በእግራችን እንመለሳለን እንጂ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሁለተኛ አንጨምርም።