ታምቡሩ ይሸሻል፣ ዲስኩ ይጠጋል

ስሙኝማ! የድሮ ቮልስ የፊት ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ ሲቀየር ምን እንደሚከናወን ገባኝ፤ ሳትሰሙኝ አትሄዱም። ስለ መኪና ምንም ባታውቁ ግድ የለም፣ ፔዳሉ የት እንዳለ ካወቃችሁ ይበቃል።

ከአንድ ነገር እንነሳ። ፍሬን የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ነው። ብረትና የፍሬን ሸራ ተፋትገው ይግላሉ፣ ግለቱም ቀስ በቀስ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ የፍሬን ነገር ዞሮ ዞሮ የሙቀት ነገር ነው። ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ታምቡሩን እንክፈት። ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ ወፍራምና ጎድጓዳ ብረት ነው። ውስጡ ጀርባቸው ላይ ሸራ የተለጠፈባቸው ሁለት ጎበጥ ያሉ ብረቶች አሉ፤ በጫፋቸው መካከል ደግሞ አንዲት ትንሽ ሲሊንደር ትገኛለች። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ በቱቦ ተገፍቶ ይመጣል፤ በሲሊንደሯ ውስጥ ያሉትን ሁለት ፒስተኖች ግራና ቀኝ ይገፋል፤ እነሱ ሸራዎቹን ይገፋሉ፤ ሸራዎቹም ከታምቡሩ የውስጥ ግድግዳ ጋር ይጣበቃሉ። እግራችሁን ስታነሱ ሞላዎች ይመልሷቸዋል።

እዚህ ጋ አንድ ብልሃት አለ። የሚዞረው ታምቡር ከሁለቱ ሸራዎች የፊተኛውን ይዞ ይጎትተዋል፤ ሲጎትተው ደግሞ ይበልጥ ግድግዳው ላይ ይጭነዋል። መኪናው በገዛ ሩጫው ራሱን ለማቆም ያግዛል ማለት ነው! ጉድ አይደለም? ይህን ያህል ጎበዝ ከሆነ ታዲያ ለምን ይቀየራል?

ድስት አስቡ። ድስቱ ይሽከረከራል፣ እናንተ በሁለት መዳፋችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋችሁ ልታቆሙት ትሞክራላችሁ። ድስቱ ሲግል ምን ይሆናል? ብረት ሲሞቅ ይሰፋልና ግድግዳው ከመዳፋችሁ ይሸሻል፤ እሱን ለመድረስ እጃችሁን ይበልጥ መዘርጋት አለባችሁ። አሁን ድስቱን ተዉትና ክዳኑን አሽከርክሩት፤ ጠርዙን በሁለት ጣት ከግራና ከቀኝ ቆንጥጡት። ክዳኑ ሲግልስ? ይወፍራል። ሲወፍር ወዴት ይሄዳል? ወደ ጣቶቻችሁ! አያችሁ? ድስቱ ታምቡሩ ነው፣ ክዳኑ ዲስኩ። ያው ሙቀት፣ ያው ብረት፤ አንዱ ጋ ከሸራው ያሸሸዋል፣ ሌላው ጋ ወደ ሸራው ያስጠጋዋል። እኔ ነገሩ ቁልጭ ያለልኝ እዚች ላይ ነው።

ይህን ይዛችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ውረዱ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በታምቡር ፍሬን ደጋግማችሁ ስትረግጡ ታምቡሩ እየሰፋ ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማል፤ ሙቀቱ ደግሞ እንደ ተዘጋበት ነው። ዲስክ ግን ገላጣ ስለሆነ ነፋስ ያገኘዋል፤ ውሃ ቢነካው እንኳ እየዞረ ያራግፈዋል።

ይህ የትናንት ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር በዲስክ ፍሬን አሸንፏል። ቮልስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 በአውሮፓ ያወጣው 1500 ሞዴል የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነበር። ስለዚህ የድሮውን ቮልስ ዲስክ ስናለብሰው ከታናሽ ወንድሙ መዋሳችን ነው።

እንግዲህ ሥራው። ጎማው ይወልቃል፤ ታምቡሩ፣ ሸራዎቹ፣ ሞላዎቹና እነሱን የተሸከመው ሳህን ሁሉ ይነሳሉ። በቦታው ካሊፐሩን፣ ማለትም ዲስኩን እንደ ሁለቱ ጣቶች የሚቆነጥጠውን ክፍል፣ የሚሸከም ማቀፊያ ይታሰራል፤ ዲስኩ ከነኩሽኔታው ይገባል፤ ካሊፐሩ ዲስኩን ከሁለት ወገን ያቅፈዋል፤ ፒስተኖቹም ፓዶቹን፣ ማለትም የዲስኩን ሸራዎች፣ ይገፉበታል። ቸርኬው ካሊፐሩን እንዳይነካ ቀድሞ መለካት አለበት።

ግን ቆይ! ታምቡር ራሱን ያግዝ ነበር ብያለሁ፤ ዲስክ አያግዝም። የጠፋው ጉልበት ከየት ይመጣል? ከፒስተኑ ስፋት። የቮልስ የፊት ታምቡር ፒስተን ዲያሜትር 22 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የካሊፐሩ 40 ገደማ። የፒስተኑን ፊት ስፋት ብታሰሉት ከ3 እጥፍ በላይ ነው! ዘይቱ የሚገፋው በእያንዳንዷ ስንዝር ላይ እኩል ስለሆነ፣ ሰፊ ፊት ያለው ፒስተን በዚያው ልክ አብዝቶ ይገፋል።

በጣም የወደድኳትን አሁን ልንገራችሁ። ካሊፐሩ ውስጥ መመለሻ ሞላ የለም። ታዲያ ፓዱን ከዲስኩ ማን ያላቅቀዋል? ፒስተኑን የከበበች አንዲት የጎማ ቀለበት! ፒስተኑ ሲወጣ ቀለበቷ ይዛው ትጣመማለች፤ እግራችሁን ስታነሱ ወደ ቀድሞ ቅርጿ ስትመለስ ፒስተኑን በጥቂቱ ስባ ትመልሰዋለች። ፓዱ እየሳሳ ሲሄድ ደግሞ ፒስተኑ በውስጧ ትንሽ ይንሸራተትና ክፍተቱ እንደ ነበረ ይቀጥላል። የቮልስ ታምቡር ግን ሸራው በሳሳ ቁጥር በቀዳዳ ጠመንጃ መፍቻ ተሰዶ በእጅ መጠበቅ አለበት። ያንን ሁሉ ሥራ አንዲት የጎማ ቀለበት!

አሁን የሚቀጥለው ነገር ራሱ ይመጣላችኋል። በብዙ የድሮ ታምቡር ፍሬኖች ማስተር (ፔዳሉ ዘይቱን የሚገፋበት ዋና ሲሊንደር) ውስጥ፣ ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም በቱቦው ጥቂት ግፊት የምታስቀር ቫልቭ አለች። ለታምቡር ጥሩ ናት፤ ሞላዎቹ ጠንካሮች ናቸውና አይበገሩላትም። ያቺን ቀለበት ግን ታሸንፋታለች! ፓዱ ከዲስኩ ሳይላቀቅ ሲፋተግ ይውላል፣ ጎማው ያለ ምክንያት ይግላል። ስለዚህ ከዲስኩ ጋር ለዲስክ የተሠራ ማስተርም መግባት አለበት። በመጨረሻ ከቱቦው አየሩ ተሟጦ ይወጣል፤ ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃልና፣ አየር ካለ እግራችሁ የሚገፋው እሱን ነው።

የኋላውስ? ታምቡር ሆኖ ይቀራል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይደፋል፤ የኋላ ጎማዎች ድርሻ ስለሚያንስ ያን ያህል አይግሉም። በእጅ ፍሬኑ ሽቦ እየሳቡ ሸራውን መግፋትም በታምቡር ላይ ቀላል ነው። ከተማውን የሞሉትን ቪትዝ የሚባሉ ትንንሽ መኪኖች እዩ፤ አብዛኞቹ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ናቸው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነው የሚል ቢገጥማችሁ፣ ርካሽነቱስ እውነት ነው በሉት፤ ግን የማይግል ቦታ ላይ ታምቡር የሚሸሽበት ምክንያት የለውም።