መርዝና ማርከሻው በአንድ ገላ

በኢሉባቦር የቡና ለቀማ ወራት ሲደርስ ሥራ ፈት ሰው አይገኝም። በመቱ ወይም በጎሬ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ አንድ ገበሬ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳሉ ጋብ ሲልለትና ጉልበቱ ሲመለስለት፣ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ሊተው ይችላል። ሕክምናው ግን አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ለመሆኑ ሕመሙ የተሻለው ሰው ይህን ያህል ጊዜ መድኃኒት የሚወስደው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ የባክቴሪያው ጠባይ ነው። ብዙዎቹ መድኃኒቶች በይበልጥ የሚገድሉት በማደግና በመራባት ላይ ያለውን ባክቴሪያ ነው፤ እድገቱን አቁሞ የተኛው ግን ሊያመልጥ ይችላል። ጆሴፍ ቢገር የተባለው የአየርላንድ ተመራማሪ፣ ፔኒሲሊን ካጠቃቸው ባክቴሪያዎች መካከል ጥቂቶቹ በዚህ ዓይነት ሳይሞቱ እንደሚቀሩ እ.ኤ.አ. በ1944 አስረድቷል።

ባክቴሪያ ከሚተኛባቸው መንገዶች አንዱ እንደሚከተለው ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች ሁለት ፕሮቲኖችን ጥንድ አድርገው ይሠራሉ፤ አንደኛው መርዝ፣ ሁለተኛው የመርዙ ማርከሻ ነው። ማርከሻው መርዙን አጥብቆ ይዞ ሥራውን ይከለክለዋል። ይሁን እንጂ መርዙ ሲቆይ ማርከሻው ቶሎ ስለሚፈርስ፣ ባክቴሪያው ዘወትር ሊተካው ይገባል። ረኃብ ወይም ሌላ ችግር ሲደርስ ማርከሻው ይጎድላል። ያን ጊዜ መርዙ ነፃ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜም ፕሮቲን የሚሠራበትን መልእክት ይቆራርጣል። ባክቴሪያውም ሳይሞት እድገቱን ያቆማል።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከ70 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ጥንዶች አሉት፤ በሽታ የማያስከትል አንድ ዘመዱ ግን በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው ያሉት። ስለዚህ ተመራማሪዎች፣ ጥንዶቹ ባክቴሪያው በሰው ሳንባ ውስጥ ተደብቆ እንዲቆይ ይረዱታል ብለው ያስባሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ መርዙን ከማርከሻው ለይቶ ባክቴሪያውን በገዛ መርዙ የሚገድል መድኃኒት ይፈልጋሉ።

ነገሩ ከአረም ጋር ይመሳሰላል። ገበሬ የበቀለውን አረም ነቅሎ ማሳው ቢጠራለትም፣ ከአፈር በታች የተኛው ዘር ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ አንድ ጊዜ አርሞ አይተውም። መድኃኒቱን በመካከል የሚያቋርጥ ሕመምተኛም የተኙትን ባክቴሪያዎች ለመነሣት ዕድል ይሰጣቸዋል፤ በሽታው ሊያገረሽበት፣ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያም ሊፈጠርና ወደ ቤተ ሰቡ ሊተላለፍ ይችላል። እንግዲህ የሳሉ መቆም የሕክምናው ፍጻሜ አይደለም፤ ፍጻሜው ሐኪም የወሰነው የመጨረሻው ቀን ነው።